የእንቁላል ኮፍያ ወደ ግድግዳው ማዶ

ትሬስ እንቁላል አትበላም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሽታውን እንኳ አትችለውም። ይህን ደግሞ ከእህቷ ከኮርኔሊያ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያኔ ያስመለሳት በኮርኔሊያ አዲስ ጫማ ላይ ነበርና። «እትዬ፣ ይቅርታ» ብላ እያለቀሰች በፎጣ ጠርጋላታለች። እንዲህም ሆኖ ትሬስ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳታጓድል፣ ከኮርኔሊያ የኢንተርኔት ሱቅ አንድ የእንቁላል ኮፍያ ታዛለች።

የኮርኔሊያ ሥራ እሱ ነው። እሁድ ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ተራው እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝ አናቱ ላይ የሚደፋ፣ በሱፍ ክር የተሠራ ትንሽ ኮፍያ። ለእንቁላል ኮፍያ መሥራት ምን የሚሉት ሥራ ነው የሚል ካለ፣ የራሱ እንቁላል ሲቀዘቅዝበት ይገባዋል። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ቢደክምም ጣቶቿ ገና አልደከሙም። በተለይ ጀርመኖች አብዝተው ይወዱላታል።

እህትማማቾቹ ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት ግን በአንድ ቤት ነው፤ ባርሌ በምትባል የድንበር ከተማ፣ በአባታቸው ቤት፣ መሀሉ በአንድ ረድፍ ጡብ ተከፍሎ። በግራ በኩል ኮርኔሊያ፣ ቤልጅየም ውስጥ፤ በቀኝ በኩል ትሬስ፣ ሆላንድ ውስጥ። ማዘዣው ገጽ ላይ «መልእክት ለሻጭ» የሚል ትንሽ ሣጥን አለ፤ ትሬስ እዚያ ላይ ሁለት ቃል ትጽፋለች። «ሰማያዊ። ትልቅ።» ኮርኔሊያም ሰማያዊ፣ ትልቅ ትሠራለች። አንድ ክረምት ሳንባዋን ታማ በተኛች ጊዜ የመጣው ትእዛዝ «ቀይ። ትልቅ። ሳልሽ በግድግዳው ይሰማል» የሚል ነበር። ኮርኔሊያ ያን ቀይ ኮፍያ ከሁሉም አሳምራ ሠራችና ካርቶኑ ውስጥ «ተሽሎኛል» የሚል ብጣሽ ወረቀት ጨመረችበት። ከዚያ በላይ ሰው ምን ይባባላል?

እሽጉ ታዲያ ግድግዳውን አይሻገርም። ኮርኔሊያ እሽግ የሚቀበለው ያኑስ ሱቅ ታደርሰዋለች፤ ከዚያ በመኪና አንትወርፕ፣ ከአንትወርፕ ዩትሬክት፣ ከዩትሬክት ቲልቡርግ፣ ከቲልቡርግ ተመልሶ ባርሌ። በአራተኛው ቀን የትሬስ ደወል ሲጮህ ኮርኔሊያ ወጥ ቤቷ ሆና ትሰማዋለች፤ ከምድጃዋ ሦስት እርምጃ አይርቅም። ቀጥሎ ካርቶን ሲከፈት ይሰማል። ቀጥሎ ፀጥታ ነው፤ ትሬስ ኮፍያዋን እያገላበጠች የምታይባት ፀጥታ። ኮርኔሊያ ወር ሙሉ የምትጠብቀው ያቺን ነበር።

የተጣሉት በበር ምክንያት ነው። በባርሌ ድንበሩ እንዳሻው ነው የሚሄደው፤ መንገድ አቋርጦ፣ ሱቅ ገብቶ፣ መኝታ ቤት አልፎ ይወጣል። አንድ ቤት የየትኛው አገር እንደሆነ የሚወስነው የፊት በሩ ነው። በሩ ቤልጅየም ላይ ከተከፈተ፣ ጓዳው ሆላንድ ቢገባም ቤቱ የቤልጅየም ነው። የአባታቸው በር ቤልጅየም ነበር፤ አባታቸው ሲሞት ግን አልጋው ድንበሩ ላይ ነበር፤ እግሩ ቤልጅየም፣ ራሱ ሆላንድ። ሆላንዳዊ ያገባችው ትሬስ፣ «ሰው የሚሞተው በጭንቅላቱ ነው፤ እኛ ጋ ይቀበር» አለች። ኮርኔሊያ፣ «ሬሳ የሚወጣው በበር ነው» አለች። በሩ አሸነፈና አባትየው ቤልጅየም ተቀበረ።

በሳምንቱ ትሬስ ግንበኛ ጠርታ ቤቱን በጡብ ከፈለችው፤ በራሷም በኩል የራሷን በር አስወጣች። ግንበኛው በደንብ አልለካም መሰለኝ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሆላንድ መሬት ኮርኔሊያ ወጥ ቤት ውስጥ ቀረ፤ ምድጃዋ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮርኔሊያ ሽንኩርቷን ቤልጅየም ከትፋ ሆላንድ ታቁላላለች። ትሬስ ባሏ ሲሞት እንኳ የኮርኔሊያን በር አላንኳኳችም፤ በዚያ ወር ግን የመጀመሪያዋ ትእዛዝ መጣች። «ጥቁር። ትልቅ።»

ኢሜይሉ የደረሳት አንድ ማክሰኞ ነው። ሱቋ ያለበት ድረ ገጽ የላከው ሲሆን «ውድ አምራች» ብሎ ይጀምራል። ኮርኔሊያ በዕድሜዋ ሙሉ አምራች ተብላ ስለማታውቅ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን እስከ ሁለተኛው መስመር ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ሌላ አገር ዕቃ የሚልክ ሰው፣ የዕቃው መጠቅለያ እዚያ አገር ቆሻሻ ስለሚሆን ለቆሻሻው ኃላፊ እሱ ነው። በዚያ አገር መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ነዋሪ ካልሆነም ስለ ካርቶኑ የሚጠየቅለት ወኪል እዚያው ማቆም አለበት። ይህን ያላደረገ ሻጭ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንሥቶ ወደዚያ አገር መላክ አይችልም።

ወኪል የሚሆኑ ድርጅቶች ጠየቀች። የሚያስከፍሉት በዓመት ከምትሸጠው ኮፍያ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ እያዘነች ጀርመንን ዘጋች። ፈረንሳይን ዘጋች። ኦስትሪያ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሯት፤ እነሱንም ዘጋች። በአንድ ከሰዓት በኋላ አውሮፓን እየዞረች ስትዘጋ ውላ የቀረቻት ሆላንድ ብቻ ነበረች፤ ሆላንድ ማለት ደግሞ ትሬስ ናት። ጀርመኖቹ እንቁላላቸውን ቀዝቃዛ ይብሉ። የወሩ የመጀመሪያ ቀን ያለ ትሬስ ትእዛዝ እንዲያልፍ ግን ኮርኔሊያ አትፈልግም፤ አለመፈለግ ብቻም አይደለም፣ ፈራች።

በማግስቱ ሆላንድ ወዳለው የማሸጊያ መዝገብ ቢሮ ደወለች። ድምፀ ለስላሳ ልጅ አነሣችው።

«ወደ አገራችን በዓመት ስንት ማሸጊያ ያስገባሉ?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ቶን?»

«አሥራ ሁለት ካርቶን። አንዷ የጫማ ሣጥን ግማሽ ብታክል ነው።»

«እሺ። ለስንት ደንበኛ?»

«ለአንዲት።»

«ደንበኛዋ ያለችው የት አካባቢ ነው?»

ኮርኔሊያ ግድግዳውን አየችው። «አሁን ሳህን እያጠበች ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን በእጅዎ አይሰጧትም?»

«አንነጋገርማ።»

«ለእሱ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለኝም» አለች ልጅቷ ከልቧ አዝና። «ቆይ፣ ያለ ካርቶን ቢልኩትስ? ማሸጊያ ከሌለ ግዴታም የለም። ዕቃው ምንድን ነው?»

«የእንቁላል ኮፍያ።»

«ምን ያደርጋል?»

«እንቁላሉን ይሸፍነዋል። ከብርድ ይጠብቀዋል።»

ልጅቷ ስትጽፍ ተሰማ። «ይሸፍናል... ይጠብቃል...» አለችና ድምጿ ተለወጠ። «ወይዘሮ ኮርኔሊያ፣ እኛ ጋ እኮ ምግብን የሚሸፍንና የሚጠብቅ ነገር ራሱ ማሸጊያ ነው የሚባለው።»

«ኮፍያው?»

«ኮፍያው። የእንቁላሉ ማሸጊያ ነው።»

«እንቁላል አብሬ አልሸጥም እኮ!»

«እንግዲያው የሚሸጡት ባዶ ማሸጊያ ነው። እሱን የሚያየው ሌላ ክፍል ነው፤ ላስተላልፍዎት?»

«ልጄ፣ እሷ ጭራሽ እንቁላል አትበላም።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉኝ!» አለች ልጅቷ ደንግጣ። «ካልተጠቀመችበት ገና ሲደርሳት ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው።»

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጣል አደረገችላት። እዚያው ሆላንድ ነዋሪ ብትሆን ኖሮ፣ ለአሥራ ሁለት ትንንሽ ካርቶን ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር።

ኮርኔሊያ ይህን ይዛ ያኑስ ዘንድ ሄደች። ያኑስ ሲጋራና ጋዜጣ ይሸጣል፤ የሰዉን እሽግም የሚቀበለው እሱ ነው። ጢሙን እያሻሸ ሰማትና ሳቁ አመለጠው።

«እመቤቴ፣ ታዲያ ሆላንዳዊት ሁኛ!»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዕድሜ ምን አገባው፣ በር ነው እኮ! ሥጋ ሻጩ በሩን አንድ ሜትር ገፋ አድርጎ በሳምንቱ ቤልጅየማዊ ሆኖ አላረፈም? አንቺ ጋም የሆላንድ መሬት አለ፤ ምድጃሽ ሥር። በርሽን ወደዚያ አዙሪና ተገላገይ።»

«አፍህን ዝጋ» አለችው ኮርኔሊያ።

«ምነው?»

«ዝጋ ብዬሃለሁ።»

ያኑስ ዘጋ። ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። የፊት በሩን ወደ ሆላንድ ማዞር ማለት የአባቷን ቤት የሆላንድ ማድረግ ነው። ያ ከሆነ ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ቀብር፣ ያ ጡብ፣ ሁሉም ለትሬስ ይፈረድላታል። ኮርኔሊያ በር ከማዞር አንገቷን ብታዞር ይቀላታል። ለትሬስ አስቀድማ እንዳትነግራት ደግሞ፣ ድረ ገጹ ላይ ሻጭ ትእዛዝ ሳይደርሳት ለደንበኛ መጻፍ አትችልም። ወረቀት ጽፋ በበሯ ሥር ልታስገባላት ሦስት ጊዜ ጀመረች፤ ሦስቱንም ቀደደች። ግትር ሴት ናት፣ ምን ይደረግ።

ወሩ ገባ። ኮርኔሊያ ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። በግድግዳው ማዶ የወንበር መጎተት ሰማች፤ ትሬስ ለማዘዝ ስትቀመጥ ሁልጊዜ ወንበሯን ትጎትታለች። ከዚያ ምንም የለም። ከዚያ ወንበሩ ተወርውሮ ወደቀ፤ ግድግዳውም በቡጢ ተመታ።

«ኮርኔሊያ!»

ኮርኔሊያ የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሰማችው ድምፅ ትንሽ ሻክሯል። እትዬም አላላትም።

«ኮርኔሊያ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምን ሆነሻል?»

«"ሻጯ ወደ አገርዎ አትልክም" ይላል! ወደ አገሬ! አባባን ወሰድሽው፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ኮፍያ ትከለክይኝ?»

«እኔ አይደለሁም፤ ሕጉ ነው!»

«የምን ሕግ?»

«የቆሻሻ!»

ከማዶ በቀስታ፣ «እኔን ነው ቆሻሻ ያልሽኝ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንቺን አይደለም፣ ካርቶኑን!» ኮርኔሊያ አፏን ጡቡ ላይ ለጥፋ መጮህ ጀመረች። «ካርቶኑ አንቺ ጋ ሲደርስ ቆሻሻ ይሆናል! ለቆሻሻው ኃላፊ እኔ ነኝ! እዚያ ስለማልኖር ደግሞ ወኪል ያስፈልገኛል!»

«ማን ወደቀ?»

«ወኪል! ወኪል ነው ያልኩት! ካርቶኑን ስትጥይው የሚጠየቅልኝ ሰው!»

«ማን ጣለው?»

«እህ?»

«ማን ጣለው ነው ያልኩሽ!» አለች ትሬስ፤ አሁን ድምጿ እዚያው ጡቡ ሥር ደርሷል። «አንዱንም አልጣልኩም። ቁም ሣጥኑ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ኮፍያዎቹም ውስጣቸው አሉ። ዘጠና ስድስት ናቸው። ለእኔ እኮ እንቁላል...»

ኮርኔሊያ መዳፏን ጡቡ ላይ አሳረፈች። ጡቡ ከምድጃው ሙቀት የተነሣ ሞቅ ብሏል። ማልቀሷ አሳፍሯት አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች፤ ግድግዳው ባይጋርዳት ኖሮ አታለቅስም ነበር።

«ትሬስ።»

«አቤት።»

«በሩን ላዞረው ነው።»

«የቱን በር?»

«የፊቱን። ወደ ሆላንድ።»

«እንዲያ ከሆነ እኮ ቤቱ...» አለች ትሬስ።

«አውቃለሁ። አባባ እዚያው ይተኛ፣ አንቀስቅሰው። ግን ልክ ነበርሽ፤ ጭንቅላቱ እናንተ ጋ ነበር።»

ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ፋን ሃል የሚባል ወጣት ነው። ሜትሩን ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ፣ ወጥ ቤቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። ከምድጃው ጀምሮ ወዲያ ያለው ሆላንድ ነው። ተነሣና ጉልበቱን አራገፈ።

«እናቴ፣ ችግር አለ። እዚህ ያለዎት የሆላንድ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ ይኼ ጡብ። በር ካወጡበት የሚከፈተው የጎረቤትዎ ሳሎን ውስጥ ነው።»

«የሶፋው ጀርባ ጋ!» አለ ግድግዳው። «ሶፋውን አነሣዋለሁ!»

ፋን ሃል ደነገጠ። የደንብ መጽሐፉን አወጣና እያገላበጠ አነበበ። «የፊት በር ማለት... ቁጥርና ደወል ያለው በር ነው። ወደ መንገድ መውጣት አለበት አይልም። አልከለከለም።» እሱ ራሱ ግራ ገብቶት እንደገና አነበበው። «ግን ይኼ ማለት ፖስተኛው የእርስዎን ደብዳቤ ሊያደርስ በእሳቸው ሳሎን ያልፋል፤ እንግዳም ቢመጣብዎት፣ እሳት አደጋም ቢመጣ...»

«ጫማቸውን ያውልቁ እንጂ ይለፉ!» አለ ግድግዳው።

«የጎረቤት ፈቃድም በጽሑፍ ያስፈልጋል።»

«ፈቅጃለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ልጅ!»

«በግድግዳ የተሰጠ ፈቃድ አልቀበልም፣ እናቴ» አለ ፋን ሃል። ስለዚህ በኮርኔሊያ በር ወጥቶ፣ ቤቱን ዞሮ፣ አስፋልቱ ላይ የተነጠፉትን ነጫጭ የድንበር መስቀሎች ተሻግሮ፣ የትሬስን ደወል ደወለ፤ አስፈርሞም ያንኑ መንገድ ተመለሰ። ትሬስ ከፊርማዋ ሥር አንድ ነገር ጨምራ ነበር። «የደወሉ ድምፅ ቀስ ያለ ይሁን።»

ጡቡን ሊያፈርስ የመጣው ያንኑ ጡብ የገነባው ግንበኛ ነው። አርጅቷል። «ጠንካራ አድርጌ ነበር የሠራሁት» እያለ፣ እየቆጨው አንድ በአንድ ነቀለው። ቡናማ በር ተገጠመ፤ ቁጥር ተለጠፈ፤ በትሬስ ሳሎን በኩል ከሰዓቷ ሥር ደወል ተሰቀለ፤ መጫኛው በበሩ በሁለቱም በኩል ተደረገ። ትልቁ ጎዳና ላይ ያለው የድሮው የፊት በር በወረቀት የጓሮ በር ተባለ። ኮርኔሊያም በስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ ከምድጃዋ ሳትርቅ፣ ሆላንዳዊት ሆነች፤ ሱቋም እንደገና ወደ ሆላንድ መላክ ተፈቀደለት። ያኑስ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የሆላንዷ እመቤት» እያለ ሦስት ቀን አሾፈባት።

ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን አስቸጋሪው ነገር ገና መሆኑ ታየ። በሩን የከፈተ የለም። ኮርኔሊያ በወዲህ በኩል፣ ትሬስ በወዲያ በኩል፣ እያንዳንዳቸው የሌላዋን እርምጃ እያዳመጡ ተቀመጡ። በግድግዳ መጮህ ቀላል ነበር፤ በር ሲሆን ፊት አለ፣ የተሸበሸበ ፊት፣ ምን እንደሚባለው የማይታወቅ ፊት። ኮርኔሊያ ሁለት ጊዜ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ መለሰችው። አንደኛው ቀን እንዲህ አለፈ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ቀን ማታ ላይ፣ ይህን ሁሉ ያፈረስኩት በከንቱ ነው ብላ አሰበች።

በማግስቱ ወር ገባ። ከምሳ ትንሽ ቀደም ብሎ ከማዶ ወንበር ተጎተተ። የኮርኔሊያ ስልክ ጮኸ። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች።

«አረንጓዴ። ትልቅ። እትዬ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

ኮርኔሊያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከቅርጫቷ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ኮፍያ አነሣች፤ ካርቶን ሳትፈልግ፣ እንደያዘችው ምድጃው አጠገብ ወዳለው በር አልፋ ደወሉን ተጫነች።